ማሽኑ ራሱን ይከፍላል ያለው ማነው?

25,000 ዶላር የሚያወጣ የስፌት ማሽን ልትገዛ የተነሳች ሴት መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ምንድን ነው? የትኛው ብራንድ እንደሚሻል? ፍሬሙ አስር ጫማ ይሁን አስራ ሁለት? ኮምፒውተር ይኑረው አይኑረው? አሜሪካ ውስጥ የሎንግ አርም ኩዊልት ስራ ከዜሮ ልጀምር የሚሉ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ የሚነሳው ይኸው ነው። ሻጮችም ደስ ብሏቸው የሚመልሱት ይህንኑ ነው፤ የትኛውም መልስ መጨረሻው ግዢ ነውና። «የእጄ አንድ ሰአት ስንት ያወጣል? ያንን የሚከፍለኝስ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አያጋጥመኝም።

ይህን የምጽፈው ስራውን ንቄ አይደለም። ያደግሁት ልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ የስፌት መኪና ቤተሰብ ሲያስተዳድር፣ ልጅ ሲያስተምር አይቻለሁ። አሁን በምኖርበት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ መርፌና መቀስ በደንብ የሚያውቁ፣ ግን ሌሊት አዛውንት ሲጠብቁ ወይም ሆቴል ሲያፀዱ የሚያድሩ እህቶች ብዙ ናቸው። «ቤቴ ሆኜ፣ ልጆቼን እያየሁ፣ በማውቀው ሙያ ልኑር» ማለታቸው ትክክለኛ ምኞት ነው። የሚያናድደኝ ያንን ምኞት አይቶ «ማሽኑ ራሱን ይከፍላል» የሚላቸው ሰው ነው። ማሽን ራሱን ከፍሎ ያውቃል? የሚከፍለው ፊቱ የቆመው ሰው አይደለም እንዴ?

ለማያውቀው አንባቢ፦ ኩዊልት ማለት ፊቱ ከትንንሽ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ፣ መሀሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ የገባበት፣ ከስሩ ገበር ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ሶስቱን ድርብ አንድ ላይ የሚይዘው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ጌጠኛ ስፌት ነው። ፊቱን መገጣጠም ብዙ አሜሪካውያን ሴቶች ቤታቸው በተራ መኪና የሚሰሩት፣ የሚወዱት ስራ ነው። ያንን ሁሉ ድርብ ጠቅልሎ በትንሽ መኪና ክንድ ስር ማሳለፍ ግን ትከሻ ይገድላል። ስለዚህ ሎንግ አርም ላለው ሰው ከፍለው ያሰራሉ። እዚህ ማሽን ላይ ጨርቁ ረጅም ፍሬም ላይ ተወጥሮ ይቀመጥና ማሽኑ ራሱ በሀዲድ ላይ ሆኖ በጨርቁ ላይ ይሄዳል። ጋሚል ከሚዙሪ፣ ኤፒኪውኤስ ከአይዋ፣ ሃንዲ ኩዊልተር ከዩታ የሚያመርቷቸው ማሽኖች በዘርፉ የታወቁ ናቸው። ዋጋቸው እንደ ስፋታቸውና እንደ ኮምፒውተራቸው ከአስር ሺህ ዶላር አካባቢ ይነሳና ከአርባ ሺህ ያልፋል።

አሁን ሻጩ የማይሰራልሽን ሂሳብ አብረን እንስራ። ክፍያው በካሬ ኢንች ነው የሚቆጠረው። ከዳር እስከ ዳር አንድ አይነት ንድፍ ለሚደጋገምበት ቀላል ስራ ብዙ ሰው በካሬ ኢንች ሁለት ሳንቲም አካባቢ ያስከፍላል። 90 በ100 ኢንች የሆነ የትልቅ አልጋ ኩዊልት 9,000 ካሬ ኢንች ነው፤ በሁለት ሳንቲም 180 ዶላር ይመጣል። 25,000 ዶላሩን በስምንት በመቶ ወለድ በአምስት አመት ልክፈል ብትዪ በየወሩ 507 ዶላር ገደማ ትከፍያለሽ። ይህም ማለት በየወሩ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ኩዊልቶች የባንኩ ናቸው። ክር፣ መርፌ፣ ጥገና፣ መድን ሌላ 250 ዶላር ይውሰድ እንበል። ለራስሽ በወር 3,000 ዶላር እንዲተርፍሽ ስንት ኩዊልት መስራት አለብሽ? ሀያ አንድ። በአመት 250። አንዲት ደንበኛ በአመት አራት ብታመጣልሽ፣ ያውም ትጉ ናት፣ ከስልሳ በላይ ቋሚ ደንበኛ ያስፈልግሻል። ስልሳ ደንበኛ ከየት ነው የሚመጣው? ማሽኑን የሸጠልሽ ሰው ይህን ጥያቄ አንስቶልሽ ያውቃል?

ደግሞ 180 ዶላሩ የስንት ሰአት ዋጋ ነው? «ኮምፒውተሩ ይሰፋል፣ አንቺ ቡናሽን ትጠጫለሽ» ይባላል። እስቲ ከፍሬሙ ፊት እንቁም። መጀመሪያ ገበሩ ይታያል፤ በየጎኑ ከፊቱ ቢያንስ አራት ኢንች ያህል መትረፍ አለበት፤ ደንበኛዋ አሳጥራ ልካው ከሆነ ስልክ መደወል ነው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ይስተካከላል፤ ካልሆነ ተጠቅልሎ ሲሄድ መሀሉ ይረግባል። ገበሩ በመርፌ ቁልፍ ወይም በመቆንጠጫ ፍሬሙ ላይ ካለው ሸራ ጋር ይያያዛል፤ ከበሮ እስኪመስል ከወጠርሽው ስፌቱ ሲወርድ ይሸበሸባል፤ ከላላ ደግሞ ከስር ይታጠፋል። ጥጡ ይነጠፋል፤ ፊቱ ይነጠፋል፤ ክሩ በጠርዝ ላይ ይሞከራል። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ፣ መብራት ይዘሽ፣ ከስር ታያለሽ። ማሽኑ ኩርባ ላይ ሲፈጥን የላይኛው ክር ወደ ታች ይሳብና ገበሩ ላይ እንደ ሽፋሽፍት የተደረደሩ ትናንሽ ቀለበቶች ይተዋል። ከላይ ሆነሽ አታዪውም። ሁለት ረድፍ ከሄድሽ በኋላ ካገኘሽው በስፌት መፍቻ እያንዳንዱን ስፌት መንቀል ነው፤ ሁለት ደቂቃ የተሰፋውን ለመፍታት አንድ ከሰአት ይሄዳል። የደንበኛዋ ኩዊልት ጠርዝ ደግሞ ሲገጣጠም ተለጥጦ እንደ ማዕበል የሚነሳ ከሆነ ስፌቱ ይተኛልን? አይተኛም፤ እየሰበሰቡ፣ እያባበሉ ማስገባት ነው። ይህን ሁሉ ጨምሮ አንድ ትልቅ ኩዊልት ስድስት ሰአት ቢወስድ በሰአት ሰላሳ ዶላር ነው፤ ወጪ ሳይነሳ፣ ባንኩ ሳይከፈል፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ ለደንበኛ የተደወለበትና ሂሳብ የተያዘበት ሰአት ሳይቆጠር። ይህ ቡና የሚጠጣበት ስራ ነው?

ኮምፒውተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቀድሞ ንድፉን በእጇ እየመራች የምትሰፋ ሴት መስመሯ ይታወቅ ነበር፤ ሰው የእሷን እጅ ፈልጎ ይመጣ ነበር። አሁን አንዱን ዲጂታል ንድፍ አስር ሰው ይገዛዋል፤ አስር ማሽን አንድ አይነት ስፌት ይሰፋል። ታዲያ አንዷ ከሌላዋ በምን ትለያለች? በዋጋና በፍጥነት ብቻ። ሻጩ «ሙያ አያስፈልግሽም፣ ማሽኑ ያውቃል» ሲልሽ፣ ጎረቤትሽም ሙያ አያስፈልጋትም ማለቱ እንደሆነ ታስተውያለሽ? ሙያ የማይጠይቅ ስራ ዋጋው የት ይደርሳል? በሁለት ሳንቲም ፋንታ አራት፣ አምስት፣ ከዚያም በላይ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ኩዊልት ተብሎ ታስቦ ለሚሰራው ልዩ ስራ ነው። ያ ደግሞ ከማሽኑ ጋር በሳጥን አይመጣም፤ አመታት ይፈልጋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን ዋጋ ያወጣው ማነው? በዘርፉ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው የተከፈለ፣ የጤና መድናቸው በሜዲኬር የተሸፈነ ሴቶች ናቸው። ስራውን ስለሚወዱት ይሰራሉ፤ የሚያገኙት ገንዘብ ለጨርቅ መግዣ ከሆነላቸው ይበቃቸዋል። አልነቅፋቸውም፤ ጥበቡን ያቆዩት እነሱ ናቸው። ግን ሰአቷን የማትቆጥር ሴት ያወጣችው ዋጋ፣ ሰአቷን ሸጣ የቤት ኪራይ የምትከፍል ሴት ዋጋ መሆን ይችላል? አዲስ የምትገባው ደግሞ «ገና ጀማሪ ነኝ» ብላ ከዚያም ትቀንሳለች። በተቀነሰ ዋጋ የመጣ ደንበኛ ዋጋው ሲስተካከል ይቆያል?

የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ የሚፈታተነው ነገር አለ፤ ይሉኝታ። የክርስትና እናት «ለልጄ ሰርግ አንድ ስሪልኝ» ትላለች፤ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ «ዋጋውን አንቺ ታውቂያለሽ» ትላለች። እንዲህ ስትባል ስንቷ ናት ወረቀት አውጥታ ካሬ ኢንች የምታሰላው? «አንቺ የሰጠሽኝን» ብለን የምንተወው ብዙዎች ነን። ይህ መልካም ጠባያችን ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ባንኩ ግን ይሉኝታ የለውም። ስጦታ መስጠት የምትፈልግ ሴት ስጦታውን ስጦታ ብላ ትስጥ፤ ስራውን ግን ደረሰኝ ቆርጣ ታስከፍል። ይህ መለያ መስመር ስራው ሳይጀመር ካልተሰመረ መቼ ይሰመራል?

የሰው እጅ ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ማየት የሚፈልግ ከዋሽንግተን ሩቅ መሄድ የለበትም። በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት አለ። ሃሪየት እ.ኤ.አ. በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። ከነፃነት በኋላ አዳምና ሔዋንን፣ የያዕቆብን መሰላል፣ የጌታን ስቅለት ከጨርቅ ቆርጣ በአንድ ኩዊልት ላይ ተረከችው። በ1886 በአቴንስ ከተማ በተደረገ የጥጥ ትርኢት ላይ ያየችው ጄኒ ስሚዝ የተባለች የስዕል መምህርት ልግዛው ስትላት ሃሪየት በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ከጥቂት አመታት በኋላ ኑሮ ሲከብዳት አስር ዶላር ጠየቀች። ገዢዋ አምስት ነው ያለኝ አለቻት። ከባሏ ጋር ተማክራ በአምስት ዶላር ሸጠችው። ከዚያም በኋላ ስራዋን ለማየት ወደ ገዢዋ ቤት ትመላለስ ነበር። ያን ዋጋ የወሰነው ምን ነበር? የኩዊልቱ ጥራት? የሃሪየት ሙያ? ወይስ እሷ በዚያ ሳምንት መጠበቅ የማትችል፣ ገዢዋ ግን የምትችል መሆኗ? በየወሩ 507 ዶላር የሚጠበቅባት ሴትስ፣ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብና ደንበኛዋ «ትንሽ ቀንሺልኝ» ስትል፣ መጠበቅ ትችላለች?

እዳን የምፈራው ለዚህ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት አያቶቻችን ያለ ምክንያት አይደለም። የኩዊልት ጨርቅ አገር ምድሩን ያለበሰው ጆአን የተባለው የሱቅ ሰንሰለት ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1943 ኦሃዮ ውስጥ የተመሰረተ ነው። በ2024 በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል እዳውን አቃልሎ ወጣ፤ በአመቱ፣ በ2025፣ እንደገና ኪሳራ አውጆ ወደ 800 የሚጠጉ ሱቆቹን በሙሉ ዘጋ። ደንበኞቹ ኩዊልት መስፋት ስላቆሙ ነው ማለት አልችልም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ይሰፋሉ። ግን ያን ያህል ገበያ የነበረው ድርጅት እዳና የደከመ ሽያጭ ተደራርበውበት ካልቆመ፣ ምድር ቤቷ ውስጥ ብቻዋን የቆመች ሴት «ማሽኑ ራሱን ይከፍላል» በሚል ቃል ብቻ ትቆማለች?

በወለድ ከሚገኝ ብድር ይልቅ እቁብ አለን። በየከተማው ያለው የእኛ ሰው ታክሲውንም ምግብ ቤቱንም በእቁብ አስነስቷል። ወለድ የለውም፤ አምስት ሺህ አራት መቶ ዶላር ያህል የአምስት አመት ወለድ ማዳን ቀላል አይደለም። ነገር ግን እቁብም ቢሆን ከደረሰሽ በኋላ መጣል አለብሽ። ዕጣው ወጥቶልሽ ማሽኑ ገብቶ፣ ስራው ግን ካልመጣ፣ ከምን ትጥያለሽ? ባንክ ቢከዱት ደብዳቤ ይልካል፤ እቁብተኛ ግን ቅዳሜ በሰርግ፣ እሁድ በቅዳሴ የምታገኚው ሰው ነው።

ስለ ግብርም ሆነ ስለ መድን ለምን ቀድሞ አይነገርም? በራስ ስራ ያገኘሽው የተጣራ ትርፍ በአመት 36,000 ዶላር ቢሆን ከገቢ ግብሩ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 5,100 ዶላር ገደማ ይሄዳል፤ ተቀጥረሽ ስትሰሪ ግማሹን አሰሪሽ ይከፍልልሽ ነበር። የአሜሪካ የግብር መስሪያ ቤት ከአምስት አመት በሶስቱ ትርፍ ያሳየን ስራ ንግድ ነው ብሎ ይገምታል፤ ያላሳየውን ግን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ሊለውና ኪሳራሽን ከሌላ ገቢሽ ላይ እንዳትቀንሺ ሊከለክልሽ ይችላል። የቤት መድን ደግሞ በአብዛኛው ለንግድ እቃ የሚከፍለው ጥቂት ነው። የደንበኛ ኩዊልት፣ ምናልባት የሟች እናቷ ቀሚሶች ተቆርጠው የተሰፉበት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ምድር ቤትሽ ውስጥ ቢበላሽ ማን ይክሳታል? በገንዘብስ ይካሳል?

ደንበኞቹን በተመለከተ ደግሞ በግልፅ መነጋገር አለብን። ኩዊልተሮች የሚገናኙት በየከተማው ባሉ ማህበሮቻቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በወር አንዴ። አንዲት ሴት ስድስት ወር የደከመችበትን የኩዊልት ፊት ለማታውቀው ሰው አትሰጥም። እዚያ መግባት፣ መቀመጥ፣ የሌሎችን ስራ ማድነቅ፣ የራስሽን ማሳየት ይጠይቃል። አነጋገርሽ የውጭ አገር ሰው መሆንሽን የሚያሳብቅ ከሆነ ትንሽ ይበልጥ ሊቆይ ይችላል፤ ሊሳካም ይችላል፤ በእጅ ስራ የተግባቡ ሰዎች ቋንቋ አያግዳቸውም። ግን ስንት ወር ይወስዳል? በእነዚያ ወራት ባንኩን የሚከፍለው ማነው? ማሽን ከመግዛት በፊት አንድ አመት እዚያ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ የሚያስከፍለው የአባልነት መዋጮ ብቻ ነው። ይህን ምክር ከሻጭ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ትርኢት ላይ እንዲህ ያለ ማሽን ፊት ቆሜ ሻጩን አነጋግሬዋለሁ። ማሽኑ ግሩም ነበር፤ በአንድ ኢንች አስር ስፌት፣ እኩል፣ አንድም ሳይስት። «በወር ስንት ስራ ይመጣል?» አልኩት። «በአንቺ ትጋት ይወሰናል» አለኝ። «ከአንተ የገዙት በአማካይ ስንት ያገኛሉ?» አልኩት። ስለ ዋስትናው ያወራኝ ጀመር። ትጋት? የእኛ ሴቶች ትጋት ጎድሏቸው ያውቃል? ስራው ባይሳካ ጥፋቱ የትጋት ማነስ ነው ተብሎ ከወዲሁ በገዢዋ ላይ መፃፉን አልወደድኩትም።

ሌላ መንገድ ስለሌለም አይደለም። ብዙ የኩዊልት ሱቆች ስልጠና ሰጥተው ሎንግ አርማቸውን በሰአት ወይም በቀን ያከራያሉ። ሰው ተከራይቶ የራሱን አስር ኩዊልት ቢሰፋ ጀርባው ይችለው እንደሆነ፣ ስድስት ሰአቱ በእሱ እጅ አራት ይሁን ዘጠኝ፣ ስራውን ይውደደው አይውደደው ያውቃል። በሌላ ሰው ማሽን ላይ ተቀጥሮ መስራትም አለ። ያገለገለ ማሽን መግዛትም አለ፤ እዚህ ላይ ግን ልብ ይባል። ብዙው ሎንግ አርም የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ የሚመስል፣ የሰፋውን ስፌት ሁሉ የሚመዘግብ ቆጣሪ አለው። ያገለገሉ ማሽኖች ማስታወቂያ ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይፃፋል፤ ዝቅተኛ በሆነ መጠን ዋጋው ከፍ ይላል። ለገዢ ዝቅተኛ ቁጥር መልካም ዜና ነው። ግን ሁለት አመት ሙሉ ቆሞ ጥቂት ስፌት ብቻ የቆጠረ ማሽን ሲሸጥ ካየሽ፣ የሸጠችው ሴት ምን አጋጠማት ብለሽ አትጠይቂም? ጀርባዋን አመማት? ደንበኛ አጣች? በሁለት ሳንቲም አልወጣ አላት? ደውለሽ ስለ ማሽኑ ስትጠይቂያት ስለዚህም ጠይቂያት፤ ከሻጩ ካታሎግ የበለጠ የምትነግርሽ እሷ ናት።

አዲሱን ማሽን የሚሸጥልሽን ሰው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ከሁለትና ከሶስት አመት በፊት ለንግድ ብለው ከእሱ የገዙ ሰዎች ፈቃደኛ ከሆኑ እንዲያገናኝሽ። ዛሬም እየሰሩ ከሆነ ለእሱ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። እምቢ ካለ፣ ወይም ወሬውን ወደ ዋስትናው ካዞረ፣ አንቺ ሳታውቂ ልትፈርሚበት የተዘጋጀሽውን ነገር እሱ ያውቀዋል ማለት አይደለም?